ሁለት ጣት ያጠረችው መቋሚያ

ጥቅምት 3፣ ወረታ

አባዬ ጉልበታቸውን ፍል ውሃ ሊነክሩ ዛሬ ጠዋት ወደ ወንዛዬ ሄዱ። እኔና እማዬ ግራና ቀኝ ደግፈን ባጃጅ ላይ ስናስቀምጣቸው "ቀስ በሉ እንጂ፣ የሩዝ ጆንያ አደረጋችሁኝ እንዴ!" እያሉ ይቆጡ ነበር። እንዲህ የሚቆጡት ሲከፋቸው ነው። በማኅሌተ ጽጌ መሃል ጥሎ መሄድ ለአንድ መሪጌታ ቀላል አይደለም። ቁሐር ሚካኤል ላይ እስኪመለሱ ድረስ ተማሪያቸው ሰውመሆን ይመራል። "ድምፁ ጥሩ ነው" ይላሉ፤ እንዲህ ሲሉ ግን ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ነው።

ባጃጁ ሊነሳ ሲል እንዲህ አሉን፦ "ኅዳር ሚካኤልን ቆሜ ካላከበርኩ ከዚያ ወዲያ አልቆምም። ወንበር ያመጡልኛል። አንዴ ወንበር ላይ የተቀመጠ መሪጌታ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።"

እማዬ "ምን ያለ ክፉ ቃል ነው በጠዋቱ!" ብላ አማተበች።

መቋሚያቸውን አልወሰዱም። "መቋሚያ ለማኅሌት ነው እንጂ ለገላ መታጠቢያ አትሄድም" ብለው ተራ ከዘራ ያዙ። መቋሚያዋ ከበሩ ጀርባ ቆማለች። የወይራ ናት፤ በተማሪነታቸው ጊዜ የኔታ የሰጧቸው። እጃቸው የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

እኔ ደግሞ የራሴ ጣጣ አለብኝ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ናሙናዎቼን የምጎትትበት ማሽን ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠበቃል። አማካሪዬ ዶክተር ሉቃስ "ሠርካለም፣ ናሙናዎችሽ ትንንሽ ናቸው፤ እቤትሽ ቀላል መሞከሪያ ሥሪና በኅዳር መጨረሻ ውጤት ይዘሽ ነይ" ብለውኛል። ስለዚህ የተጣበቁ እንጨቶች የሞሉበት ሻንጣ ይዤ መጥቻለሁ።

ማታ ጎረቤታችን ገላነሽ መጥታ ምን እንደምማር ጠየቀችኝ። እንዲህ ብዬ አስረዳኋት፦ ሁለት እንጨት በማጣበቂያ ይጣበቃል። አንዱ ጉልበት እንደ መጽሐፍ ሊከፍተው ይጎትታል፤ ሌላው ጉልበት አንዱን እንጨት በሌላው ላይ ሊያንሸራትት ይገፋል። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ስንጥቁ መቼ ነው የሚሮጠው? የኔ ጥናት ይኸው ነው አልኳት።

ገላነሽ በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ "ታዲያ ከተጣበቀ ለምን አትተይውም?" አለች።

ጥቅምት 5

መሞከሪያው ተሠርቶ ቆመ። የብረቱን እግር እዚሁ ወረታ ብየዳ ቤት ያለው እዮብ ሠራልኝ። ናሙናው ከታች ይጋደማል፣ ከላዩ ረጅም ክንድ አለ፣ ከክንዱ ላይ ባልዲ ይንጠለጠላል፣ ባልዲው ውስጥ ሩዝ በጣሳ ይጨመራል። ባልዲውን ወደ ጫፍ ሳስጠጋው መክፈቱ ይበዛል፤ ወደ መሃል ስመልሰው ማንሸራተቱ። ቆንጆ ነገር ነው። ራሴን አደነቅኩ።

ያላሰብኩት የእማዬን ዶሮዎች ነው። ጭነቱን እየመዘገብኩ ስጨምር እነሱ ከኋላዬ እየቀነሱ ነበር። የገባኝ አውራ ዶሮው ባልዲው አፍ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት ናሙናው ተሰነጠቀ። አውራ ዶሮውን መዝኜ ጭነቱ ላይ ደምሬዋለሁ።

ሌላ ችግር፦ ክንድ ያደረግሁት የባሕር ዛፍ አጣና ይጎብጣል። ክንዱ ከጎበጠ የምመዘግበው ንባብ ሁሉ ውሸት ነው። ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ የደረቀ እንጨት ያስፈልገኛል።

ጥቅምት 7፣ ቀትር

ሰበርኳት።

መቋሚያዋን። የአባዬን።



ጥቅምት 7፣ ማታ

አሁን ትንሽ ረጋ ብያለሁ። እንዴት እንደሆነ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ለአንድ ናሙና ብቻ ነበር ያሰብኩት። ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ የደረቀ እንጨት እያልኩ ቤቱን ስዞር ከበሩ ጀርባ አየኋት። አንድ ብቻ አልኩ። አንዱ በጣም አማረ፤ ንባቡ እንደ ዶክተር ሉቃስ መጽሐፍ ሆነ። ስለዚህ ሌላ አንድ። ከዚያ ሌላ አንድ። ስድስተኛው ናሙና አልሰነጠቅ አለ። ሩዝ ጨመርኩ፣ እምቢ አለ። የእማዬን ወፍጮ መጅ ጨመርኩበት። ያኔ ጧ! አለ፤ ተሰነጠቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳጎነብስ ናሙናው ደህና ነው። የተሰበረችው መቋሚያዋ ናት። በምርምሬ ውስጥ ከሁሉ የበለጠው ናሙና ያ ነው፤ አሁን ሳየው ያስጠላኛል።

እማዬ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። አየችኝ፣ መቋሚያዋን አየች፣ ሄዳ የግቢውን በር ዘጋች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

"አባትሽ ይገድሉሻል አልልሽም" አለች። "አይገድሉሽም። ዝም ነው የሚሉሽ። እሱ ነው የሚከፋው።"

"አሁኑኑ ደውዬ ልንገራቸው?"

"ፍል ውሃ ውስጥ ተነክረው? ልባቸው ቀጥ ቢልስ? ይምጡና ትነግሪያቸዋለሽ።"

ስለዚህ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። ይህ ተወስኗል።

አዲስ ብንገዛስ ብዬ ነበር። አይሆንም፤ አባዬ ያቺን መቋሚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቋታል። ስብራቱ ግን ሰያፍ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች እንደ ተቀረጸ ብዕር ሾለዋል። እንዲህ ያለ ስብራት ለማጣበቅ ይመቻል፣ ሙያዬም ይኸው ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አባዬ ያን ሁሉ ሰዓት የሚቆሙት በጉልበታቸው ሳይሆን በእሷ ነው። ማጣበቂያው በመሃል ቢከዳ ምእመኑ ሁሉ እያየ ይወድቃሉ፤ ደግመው የሚቆሙም አይመስለኝም።

ጥቅምት 9

ለናሙናዎቼ በምጠቀምበት ማጣበቂያ አጣበቅኳት። በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጥፍር አድርጌ አሰርኳት።

እዮብ የብረቱን እግር ሊያይ መጥቶ ደረሰብኝ። መላው እሱ ዘንድ አንድ ነው፦ "ቱቦ እናልብሳትና ልበይዳት።" ብየዳ የማይፈታው ችግር አለ ብሎ አያምንም። እንጨት መሆኗን አስታወስኩት። ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት፤ "ሚካኤል ምስክሬ ነው!" ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ጥቅምት 10

ላስቲኩን ፈታሁ። በእጄ ትንሽ ነካ ባደርጋት ልቅቅ አለች። ምንም ትግል የለ፣ ምንም ድምፅ የለ።

ጥቅምት 11

በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ደግሜ አጣበቅሁ። ያው። ማጣበቂያው ያው ነው፣ እጁ ያው ነው፣ ናሙናዎቹ ላይ ዝሆን ይሸከማል። እዚህ ላይ ምን ነካው? እኔስ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስማር ነበር?

ጥቅምት 12

ሚካኤል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ጓዳ ገባች፤ በመዳፏ ለጋ ቅቤ ይዛ ወጣችና በቀጥታ ወደ በሩ ጀርባ ሄደች። እዚያ ምንም የለም። ባዶውን ግድግዳ እያየች ቅቤውን እንደያዘች ቆመች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"ረስቼው። መቋሚያዋን ልቀባት ነበራ።"

በየወሩ በሚካኤል ትቀባታለች! እንዳትሰነጠቅ፣ እንድታምር፣ ከተጋቡ ጀምሮ። ስንት ዓመት ቅቤ የጠጣች እንጨት ናት። ማጣበቂያዬ ወይራ ላይ ሳይሆን ቅቤ ላይ ነው ያረፈው። ቅቤ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይዝም።

"እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ደግሞስ ስለ እንጨት የተማርሽው አንች፣ እኔን ትቆጫለሽ?"

ቅቤውን ጸጉሬ ላይ አደረገችው፤ "ከሚባክን" ብላ።

ጥቅምት 15

ቅቤ የጠጣውን ገጽ በመላጊያ እያነሳሁ ንጹሑ እንጨት ድረስ መድረስ አለብኝ። በመቋሚያዋ ከመጀመሬ በፊት በተቆራረጠ ወይራ እሞክራለሁ። ግማሹን ቅቤ አጠጥቼዋለሁ። እማዬ በቅቤው ብዛት ተናዳለች።

ገላነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "የታመመችው እንዴት አደረች?" አለችኝ።

"ማን ናት የታመመች?"

"ኧረ እንዲያው ነው።"

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባጃጅ የሚነዳ የማላውቀው ሰው አጠገቤ አቁሞ "እታለም፣ ደረቅ ወይራ ከፈለግሽ አጎቴ ዘንድ አለ" አለኝ። ለምን እንዳለኝ አልገባኝም። ወረታ ውስጥ ሰው ዘንድሮ ስለ ወይራ ማውራት አብዝቷል።

እዮብ ለማንም እንዳልተናገረ ዛሬም ማለልኝ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ማግኘት እንዴት ደስ ይላል።

ጥቅምት 18

ውጤቱ ግሩም ነው! ቅቤ የጠጡት ሁሉ ወዲያው ተላቀቁ፤ የተላጉት ግን ያዙ። በመክፈትም፣ በማንሸራተትም፣ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡም። ዶሮዎቹ ታስረው ስለዋሉ ንባቡ የታመነ ነው።

ስሠራ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። አባዬ መቋሚያዋን ሲደገፏት የተጣበቀው ሰያፍ ገጽ ይንሸራተታል። በዝማሜ ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብሏት ገጹ ሊከፈት ይጎተታል። መሬቱን ሲመቷት ደግሞ ሁለቱም ባንዴ ይደርሱባታል። ማኅሌት ማለት የኔ መመረቂያ ጽሑፍ ነው! ካህን ቤት ተወልጄ፣ በዚያ ድምፅ አድጌ፣ ይህን እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር።

ጥቅምት 20

መቋሚያዋን ላግኋት፣ አጠብኳት፣ አጣበቅኳት፣ አሰርኳት። እማዬ አጠገቤ ቆማ ውዳሴ ማርያም ደገመች።

ጥቅምት 22

ፈታኋት። ይዛለች! ጎተትኳት፣ ይዛለች። ተንጠለጠልኩባት፣ ይዛለች። መስመሩ የፀጉር ያህል ነው፤ ካልነገሩት ሰው አያየውም። እማዬን አቅፌ ጨፈርን።

ቀትር ላይ ወደ በሩ ጀርባ መለስኳት። ግድግዳው ላይ ድሮ አናቷ የሚያርፍበት ጥቁር ምልክት አለ። ከምልክቱ በታች ሆነች። ለካኋት። ሁለት ጣት።

የወረቀት ያህል ነው የላግሁት፤ ስብራቱ ሰያፍ ስለሆነ ግን ከውፍረቱ የተነሳው ጥቂቱ ቁመቱ ላይ ብዙ ሆኖ ወጣ። ይህን አንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ።

እማዬ ግድግዳውን ቀባችው። ምልክቱ ጠፋ። መፍትሔ እንዳይመስለኝ እየሞከርኩ ነው።

ጥቅምት 24

አባዬ ደወሉ። ስለ እማዬ ከመጠየቃቸው በፊት "መቋሚያዬ ደህና ናት?" አሉ።

"ቆማለች፣ አባዬ" አልኩ። ውሸት አይደለም። ቆማለች።

ቃሌን መልሰው ደገሙት። "ቆማለች ወይ? ደግ።" ከዚያ ጉልበታቸው እየተሻለ መሆኑን ነገሩኝ፤ "የወረታ ሰው እዚህ ሞልቷል፣ ወሬ አይቸግረኝም" ብለው ሳቁ። ስለ ሩዝ አጨዳው ይሆናል የሚያወሩት።

ጥቅምት 28

ዶክተር ሉቃስ ደወሉ። ስድስተኛው ናሙና ለምን ውጤት እንደሌለው ጠየቁ። መሞከሪያው ከናሙናው ቀድሞ ተሰበረ አልኳቸው። "ድንቅ ነው! የተሰበረውን ክንድ ፎቶ ላኪልኝ" አሉ። ደንበኛ ኔትወርክ የለም አልኳቸው።

ኅዳር 1

አባዬ መጡ። ከባጃጁ ያለ ደጋፊ ወረዱ፤ እማዬ እልል አለች። ልክ እንደገቡ እነግራቸዋለሁ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ግን መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፤ ከዚያ ሰው መጣ፤ ከዚያ መቋሚያዋን አንስተው ብብታቸው ስር አደረጓት።

ትንሽ ጎበጥ አሉ። እንደገና ቀና አሉ። እማዬ ያለ ጉንፋን ሳለች።

"ወይ ወንዛዬ!" አሉ በመጨረሻ። "ጉልበቴን ላስታምም ሄጄ ቁመት ጨምሬ መጣሁ!"

እንግዶቹ ሁሉ ተገረሙ። "ፍል ውሃው ጅማት ያፍታታል" አለ አንዱ። አባዬም "ሁለት ጣት ያህል" አሉ በጣታቸው እያሳዩ።

ምንም አልጠረጠሩም። ሚካኤል ይመስገን። ነገ ረጋ ሲሉ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 3

ገላነሽ ሦስት ጊዜ መጥታ ስለ ወንዛዬ ጠየቀች። ልጇ አንለይ ቁመቱ አጭር ነው፤ ሁለት ቦታ ሽማግሌ ልካለት በዚሁ ተመልሶበታል። አባዬ "እንደ ሰዉ እምነት ነው" ብለው በቁም ነገር መለሱላት። እማዬ ሳቋን አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች።

አልነገርኳቸውም። ሰው ነበር።

ኅዳር 5

ዛሬ እራት ላይ አባዬ በድንገት "እስቲ ያን ትምህርትሽን አስረጅኝ" አሉ። በሕይወታቸው ጠይቀውኝ አያውቁም። እንጀራውን በሁለት እጄ እየጎተትኩ መክፈትና ማንሸራተት ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው።

"ታዲያ የተጣበቀ ነገር ሰው ቢደገፍበት ይችላል?"

"እንደ... እንደ ሰውየው ክብደት ነው፣ አባዬ።"

"ለምሳሌ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቢሆን?"

"ይችል ይሆናል።"

"ይሆናል?" ጉርሻቸውን በእርጋታ አላመጡ። "ሽማግሌው ቢዘምምስ? ወዲህ ወዲያ ቢል?"

"ለምን ይዘምማል?"

"ለምሳሌ ነው ያልኩሽ እኮ።"

አባዬ እንዴት ያለ ብሩህ አእምሮ አላቸው! ሳይማሩ ወደ ጥናቴ እምብርት ገቡ። በጨዋታው ደስ ብሏቸው ስለነበር ስሜታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም።

ኅዳር 7

አባዬ ከዛሬ ጀምሮ እራት ይቀነስልኝ አሉ። "ለምን?" ብንላቸው "ቀለል ብል ይሻለኛል" አሉ። ለጉልበታቸው ነው።

ኅዳር 9

ቁሐር ሄጄ ነበር። ከዛፉ ስር ሽማግሌዎቹ ከሰውመሆን ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ፦ "ወንበሩን ከዓውደ ምሕረቱ ግራ እናድርገው፤ መሪጌታ ሲደክማቸው ወዲያው ይቀመጣሉ።" ሰውመሆን ከወንበሩ ዞር ብሎ ቆመ። አዲስ ወንበር ነው፤ ምንጣፍ ለብሷል። አባዬ እዚያ ላይ ከሚቀመጡ እኔ ተሰብሬ ብቀር ይሻለኛል። ግን እዚያ ላይ እንዳይቀመጡ የምትይዛቸው እኔ የሰበርኳት እንጨት ናት፤ ብትከዳቸው ከመቀመጥ የባሰ ነው።

ቤት ስገባ አባዬ በስልክ አለቃ ደሳለውን ከአንበሳሜ ለበዓሉ እየጋበዙ ነው። አለቃ የድሮ የትምህርት ጓደኛቸው ናቸው፤ በሬ የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ መተራረብ ብቻ ነው። "ኧረ ዘንድሮ እንዳይቀሩብኝ! ለእርስዎ ያዘጋጀሁት ክብር አለ" ይሏቸዋል። ሲስቁ የቆዩት ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ነው።

ኅዳር 11

ጠዋት፦ እነግራቸዋለሁ።

ቀትር፦ ልብሳቸውን እያጠፉ ነው። ከዚህ በኋላ።

ከሰዓት፦ "አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ..." አልኩ። ዞር ብለው አዩኝ፤ ቁመው ጠበቁኝ። ረጅም ጊዜ ጠበቁኝ። "...መልካም በዓል" አልኩ።

"እሽ" አሉ። "ለአንችም።" ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ዝቅ አለ። መቋሚያዋን ይዘው ወጡ።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሌሊቱን ሙሉ ሊደገፉባት ነው እኮ። ሌሊቱን ሙሉ!

ኅዳር 12

ከመቆም ብዛት እግሬ እንደተቃጠለ ነው የምጽፈው፤ ግን ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ገና ሳይነጋ ቁሐር ደረስን። ከሩቅ ከበሮ ሲመታ ሰማሁና ተነፈስኩ፤ ሰው ወድቆ ቢሆን ኖሮ ጸጥ ይል ነበር። በበሩ በኩል አጮልቄ ስመለከት መቋሚያዋን አየኋት። ያለችው ግን አለቃ ደሳለው ብብት ስር ነው! ያ ሁሉ አካል በእሷ ላይ ነው። አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሆዳቸውን አስቀድመው፣ ወደ ግራ ይዘምማሉ፣ ወደ ቀኝ ይዘምማሉ፣ ወለሉን ሲመቱ እኔን የመቱኝ ይመስለኛል። አባዬ ደግሞ የአለቃን መቋሚያ ተደግፈው አጠገባቸው ቆመዋል። ከአለቃ ኋላ አራት ጎበዛዝት ዲያቆናት ተደርድረዋል፤ እዚያ ምን እንደሚሠሩ ግራ ገባኝ።

አጠገቤ ያለችው ሴት "ለእንግዳ የራሳቸውን መቋሚያ ሰጧቸው እኮ፣ ምን ያለ ትሕትና ነው" አለች። እኔ ስእለት በስእለት ላይ እየተሳልኩ ነበር።

ነጋ፣ ተቀደሰ፣ ታቦቱ ወጣ። ሕዝቡ ሜዳውን ከበበ። ወረቡ ሊጀመር ነው። አለቃ ላባቸውን እየጠረጉ መቋሚያዋን መለሱ። አባዬ ተቀብለው ወደ ቦታቸው ሊሄዱ ሲሉ በግራ በኩል ወንበሩ ምንጣፉን ለብሶ ይጠብቃል፤ በቀኝ በኩል ሰውመሆን ጽናጽል ይዞ ይጠብቃል። አባዬ መሃል ላይ ቆሙ። ወደ የትኛውም አልሄዱም።

እንዴት ሰዉን ጥሼ እንደወጣሁ አላውቅም። እጃቸውን ያዝኩ።

"አባዬ፣ አይደገፉባት። ሰብሬያታለሁ። ጥቅምት ላይ፣ ለሙከራዬ ብዬ። አጣብቄያት ነው። ሁለት ጣትም አሳጥሬያታለሁ። ቢወድቁብኝ..." አለቀስኩ።

አባዬ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "ተመስገን" አሉ። "እኔ ደግሞ ሳትነግሪኝ በዓሉ ሊያልፍ ነው ብዬ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ሁለት ሰንበት ሳይሞላኝ ነው ወንዛዬ ላይ የሰማሁት። ባጃጅ ነጂው ነገረኝ፣ ሩዝ ነጋዴው ነገረኝ። ያ እዮብ ራሱ ደውሎ 'መሪጌታ፣ እኔ ለማንም አልተናገርኩም' ብሎ ማለልኝ።"

"ታዲያ ለአለቃ ሰጥተው... እሳቸው ቢወድቁስ?"

"አራት ዲያቆን ከኋላቸው አቁሜ የለ እንዴ? እሷስ ያን ሁሉ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ችላ አደረች፤ እኔ የሳቸው ግማሽ ነኝ።" መቋሚያዋን በጣታቸው ዳሰሷት፤ ጣታቸው በቀጥታ መስመሯ ላይ አረፈ። "እንጨቷን ሌሊቱን አይቼ አምኛታለሁ። አንች ዝም እንዳልሽ ከቀረሽ ግን ወንበሩ ላይ ልቀመጥ ቆርጬ ነበር። ልጄ የደበቀችኝን ነገር ተደግፌ ምን ብዬ እዘምራለሁ? አሁን ነገርሽኝ። በይ ዓይንሽን ጥረጊ፣ ወደ እናትሽ ሂጂ።"

ሄደው ከሰውመሆን ፊት ቆሙ። መቋሚያዋን ብብታቸው ስር አደረጉ፤ ሁለት ጣት ጎበጥ ብለው ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉባት። ከዚያ ወረቡን አነሱት። ድምፃቸው ሜዳውን ሞላው። መንሸራተት፣ መከፈት፣ መምታት፤ እንደገና መንሸራተት፣ መከፈት፣ መምታት። ሰውመሆን እንደ ሕፃን እየሳቀ ይከተላቸዋል። እኔ እያለቀስኩ እልል አልኩ፤ ደስታው ከአቅሜ በላይ ነበር። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝና ወንበሩን አሳየችኝ። አለቃ ደሳለው ተቀምጠውበት ውሃ ይጠጣሉ።

ኅዳር 13

ጠዋት አባዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያዋን በጭናቸው አጋድመው ነበር። "እዮብን ጥሪልኝ" አሉ። "ከታች የሁለት ጣት ብረት ጫማ ያድርግላት። መቼም ሳይበይድ አይተኛም፤ ይኸው ይበይድ።" እማዬ ቅቤዋን ይዛ ስትመጣ እኔና አባዬ ባንድ አፍ ጮህንባት።

ለዶክተር ሉቃስ የስድስተኛውን ናሙና እውነት ጽፌ ላክሁላቸው። ክንዱ የምን እንደነበረ ሳይቀር።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በአጥሩ በኩል ግርግር ሰማሁ። ገላነሽ ስንቅ ቋጥራ፣ ፎጣ አንግታ፣ አንለይን ከፊቷ እየነዳች ባጃጅ ትጠራለች። ወደ ወንዛዬ ልትወርድ ነው። ቢያንስ አራት ጣት እስኪጨምር ትቆያለች አሉ።

እማዬን አየኋት፤ እማዬ አባዬን አየች። "ኧረ ማን ይንገራት?" አለች።

አባዬ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሠርካለም ትንገራት" አሉ፤ "እሷ መናገር ጀምራለች።"